በሰንጠረዥ ማሸነፍና መሻሻል

በሰንጠረዥ ጨዋታ ከጀማሪው ይልቅ የሚያሳስበን መካከለኛው ተጫዋች ነው። ጀማሪው አለማወቁን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። መካከለኛው ግን ከባልንጀሮቹ ብዙዎቹን ስለሚረታ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየውም። ሰው እያሸነፈ ሳለ ስለ ምን ብሎ ራሱን ያርማል?

አባቶቻችን ለዚህ በጨዋታው ልማድ ውስጥ መልስ አኑረውለት ነበር። (ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዥ ሲባል የቁጥር መደርደሪያው ስለሚታሰብ፣ ጨዋታው ለብዙ ወጣቶች እንግዳ ነው።) የየጁው ተወላጅ ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር በሚገዙበት ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ አጨዋወቱን ገልጦታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩን በሰፊው ጽፈዋል። ጨዋታው በ«ወረራ» ይጀምራል፤ ይኸውም አንዱ የሌላውን እስኪማርክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን የሚያሰልፉበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሄዳሉ። ፍጻሜው ግን እኩል አይከበርም ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መውጫ ያሳጣ ሰው ቢያሸንፍም ብዙ አይመሰገንም፤ በፊል ወይም በፈርዝ የረታ ይሻላል፤ በመደቅ የረታ ግን ይወደሳል። እንግዲህ አሸናፊውም እንዴት እንዳሸነፈ ይመዘን ነበር ማለት ነው።

በዛሬው ቼዝ በማናቸውም መንገድ የተገኘ ድል አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ያ ምዘና ለተጫዋቹ ኅሊና ተትቷል።

በመርሳ የሚያስተምር ወይም በወልድያ በጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ማታ ማታ ይጫወታል እንበል። ንግሥቱንና ጳጳሱን አስተባብሮ በአራት እርምጃ የሚረታበትን ወጥመድ ያውቃል፤ ባልንጀራው ግን አያውቅም። ወጥመዱን ቢነግረው ድሉን ያጣል። ባይነግረው ደግሞ በሐብሩ ገጠር ይሁን በከተማ ካሉት ጥቂት ተጋጣሚዎቹ አንዱን ደካማ አድርጎ ያኖረዋል፤ ከደካማ ጋር የሚጫወትም ከዚያው አያልፍም። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ምስጢሩን ቢጠብቅ አንነቅፈውም፤ የዘወትር ባልንጀራን ግን እንደ ጠላት መያዝ ንፉግነት ይመስለናል።

ነገሩ የጠባይ ብቻ አይደለም። የኔዘርላንዱ የሥነ ልቡና ሊቅ ደ ግሮት በ1946 እንዳሳየው፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ከሌሎቹ እጅግ አርቀው ስለሚያስሉ አይደለም የሚበልጡት። ቼዝና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎችም በ1973 እንዳረጋገጡት፣ ሊቁ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍን አምስት ሴኮንድ ያህል አይቶ አብዛኛውን መልሶ ይደረድራል፤ ጠጠሮቹ እንዲያው ሲበተኑ ግን ብልጫው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ሀብቱ በብዙ ጨዋታ ያጠራቀመው የቅርጽ ዕውቀት ነው። አንዱን ወጥመድ መቶ ጊዜ የደገመ ሰው ያካበተው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው።

በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቦትቪኒክ የራሱን ጨዋታዎች መርምሮ ማሳተምን ይመክር ነበር፤ የታተመ ስሕተት ሌሎች ያርሙታልና። ለመካከለኛው ተጫዋች መጽሔት አያስፈልገውም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። እርምጃውን ሁሉ ይጻፍ፤ የተሸነፈበትን አስቀድሞ፣ ከረታው ሰው ጋር ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ይደርድረው። ስልክ ውስጥ ያለው መሣሪያ ትክክለኛውን እርምጃ በቅጽበት ያሳያል፤ ተጫዋቹ ያን ጊዜ ምን አስቦ እንደ ነበረ ግን አይጠይቀውም። ያን የሚጠይቀው በገበታው ማዶ የተቀመጠው ነው።