በጥይትና በጥይት መካከል

ሐይቅ ተወልዶ አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛ። ውድ አይደለም። ሄሪቴጅ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው «ራፍ ራይደር»ም ሆነ ሩገር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ራንግለር» እዚያ አገር ከ200 ዶላር ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ። የሚጎርሱት ሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ነው፤ እርሳሱ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል፣ ዋጋውም ሳንቲም ቤት ነው። ወዳጄ በዕረፍት ቀኑ ወደ ኢላማ መተኮሻ ቦታ እየሄደ ይለማመድበታል። በስልክ ስንጫወት እንዲህ አለኝ፦ «አባባ ምንሽራቸውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘው የተኮሱትን እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ እተኩሰዋለሁ።»

አባቱ በወሎ የአምባሰል ሰው ነበሩ። ልጃቸው የተናገረው ስለ ቁጥር ነው፤ እኔን ግን ስለ ሌላ ነገር እንዳስብ አደረገኝ። መሣሪያ መያዝና መሣሪያ መተኮስ እኛ ዘንድ ምን ያህል የተራራቁ ነገሮች እንደሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ምን ይሠራ እንደነበር።

በአባቱ ዘመን አምባሰል ላይ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው አዘውትሮ ሊተኩስበት አይገዛውም ነበር። በሬ ሸጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ ያገኘውን ምንሽር በዘይት ወልውሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖረዋል። ሠርግ ሲጠራ ያነግተዋል፣ የትልቅ ሰው ለቅሶ ሲሆን ያነግተዋል። ድንበር ሊገፋ ያሰበ ጎረቤት ጠመንጃው ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ያውቃል፤ ማወቁ ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል። እንዲህ ሆኖ መሣሪያው ሳይተኮስ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የተኮሰ እንደሆነም የተተኮሰችው ጥይት ትታወቃለች። ለማን ሠርግ፣ ለማን ቀብር፣ በየትኛው ክረምት ለመጣ ጅብ እንደተተኮሰች የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የጥይት ዋጋ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ እኛ ውጅግራ ያልነው ጠመንጃ በአገራችን በገፍ በነበረበት ዘመን ጥይቱ በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው የብር ምንዛሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጥይት የተኮሰ ሰው ገንዘብ ተኮሰ ማለት ነው። አውራ ጣት የምታክለው የውጅግራ ጥይት ባዶ ቀለሁ አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ ተሞልቶ ይመለሳል። ጠመንጃው ራሱ ነጠላ ጎራሽ ነው። ተኳሹ የኋላውን ብረት ስቦ ይከፍታል፣ አንዷን ያስገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳል። ከዚያ የጥቁሩ ባሩድ ጭስ ዐይኑን ጋርዶት፣ መታሁ ሳትሁ የሚለውን እስኪያይ ድረስ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛዋን የሚያጎርሰው ይህን ሁሉ አልፎ ነው።

የወዳጄ ሽጉጥ በዚህ በኩል የውጅግራ ዘመድ ነው። መልኩ የተቀዳው ኮልት በ1873 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር ከሠራው ሽጉጥ ነው፤ አሠራሩም እንደዚያው የድሮ ነው። ከጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ፣ ተሽከርካሪውን የጥይት ቤት በጣቱ እያዞረ በየቀዳዳው አንድ አንድ ያጎርሳል። በሩን ዘግቶ ቃታውን ቢስብ ምንም አይሆንም። አስቀድሞ ከኋላ ያለችውን መዶሻ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ስቦ ማቆም አለበት፤ ቀጭ ብላ ትቆማለች፣ የጥይት ቤቱም አንድ ቀዳዳ ይዞራል። ቃታው የሚሠራው ይህን ጊዜ ነው። ለቀጣዩ ጥይት ደግሞ እንደገና አውራ ጣት፣ እንደገና ቀጭ። ስድስቱ ሲያልቁ ባዶዎቹን ቀለሆች በቀጭን ዘንግ አንድ በአንድ እየገፋ ያስወጣቸዋል። የድሮዎቹን ሽጉጦች የሚይዙ ሰዎች አምስት ብቻ አጉርሰው መዶሻዋን ባዶው ቀዳዳ ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ሽጉጡ ቢወድቅ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ። ሩገር በ1973 እ.ኤ.አ. ይህን አደጋ የሚያስቀር ብረት ቢጨምርበትም የአውራ ጣቱ ሥራ አልቀረም።

በአንድ ነገር ግን ከውጅግራ ይለያል። የዚህች ትንሽ ጥይት እሳት የሚጭረው ቅመም የተቀመጠው በቀለሁ ግርጌ መሃል ሳይሆን በጠርዙ ውስጥ፣ ዙሪያውን ነው። መዶሻዋ ጠርዙን ስትመታ ቀለሁ ይጨፈለቅና ይተኩሳል። ስለዚህ ቀለሁ ሁለተኛ አይሞላም። አንዴ ተተኩሶ የሚጣል ነው፣ ርካሽነቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ወዳጄ ከአባቱ የወረሰው ዝግታውን ነው፤ ውድነቱን አልወረሰም። እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ተኳሽን የሚገራው የቱ ነው፣ ዋጋው ወይስ ጊዜው?

ወሎ ለዚህ ጥያቄ ከመጻሕፍት በፊት የራሱ መልስ ያለው አገር ነው። የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ፣ መቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ ይዞ ቁልቁል ወረደ። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ወታደሮች ደግሞ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ጠበቁት። አንዱ ወገን ባሩድ አፍስሶ፣ እርሳስ አስገብቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ አንድ ሲተኩስ ሌላው ብዙ ይተኩሳል። ከቴዎድሮስ ወገን 700 ያህል ሰው እዚያው ቀረ፤ ከእንግሊዞቹ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ጀግንነቱ ከቴዎድሮስ ወገን ጎድሎ አልነበረም። የለያቸው በጥይትና በጥይት መካከል ያለው ጊዜ ለሁለቱ ወገኖች እኩል አለመሆኑ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ በመቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። በታሪካችን ከየትኛውም ሽጉጥ ይልቅ የሚነሣው ይህ ሽጉጥ በሰው አፍ የቀረው በአንዲት ጥይቱ ነው።

ያ አሮጌ ላይ ያጨደው ፈጣን ጠመንጃ ውሎ አድሮ ስናድር ተብሎ የእኛም ሆነ። ቆይቶም ውጅግራና ምንሽር ሲመጡ የድሃ ሰው ዘገምተኛ ጠመንጃ ተባለ። ብረቱ ያው ነው፤ ፈጣንና ዘገምተኛ ያሰኘው አጠገቡ የቆመው ሌላው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ስለ ዝግታ ስናገር አሮጌ ብረት ማወደሴ አይደለም። የምለው እያንዳንዱ ተኩስ የራሱ የሆነ ውሳኔ የሚጠይቅበት አሠራር ስላለውና ስለሌለው መሣሪያ ነው።

የመሣሪያ ንግድ ደግሞ ለአምባሰል ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመውን ውል ሁሉም የሚያስታውሰው በአንቀጽ 17 ጠብ ነው፤ በዚያው ውል ውስጥ ግን ለዳግማዊ ምኒልክ የሚመጣ የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽም ነበረበት። ጠመንጃ ለአገር ህልውና የሚፈለግበት ዘመን ነበር፣ ዐድዋም አሳይቷል። በገበሬው ቤት ግን ያው ጠመንጃ ሲገባ ጥይቱ ተቆጥሮ ነው የሚገባው።

ይህን ያናጋው ክላሽ ነው። አንዱ ካዝና ሠላሳ ጥይት ይይዛል፤ ምላሱን ወደ ርችት፣ ማለትም ወደ ተከታታይ ተኩስ፣ ከገፉት ቃታው አንዴ ተስቦ ካልተለቀቀ ሠላሳው በሦስት ሰከንድ ያልቃል። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ መወሰን የሚችል ሰው የለም። አንድ ጊዜ ይወሰናል፣ ሃያ ዘጠኙ ይከተላል። በሠርግ ላይ የሚሰማው ተኩስም በዚሁ ተለወጠ። ድሮ አንዷ ተተኩሳ እልልታው ይቀጥል ነበር፤ አሁን ካዝና ይራገፋል፣ የማን ጥይት የት እንደወረደ የሚያውቅ የለም። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ሐይቅና ውጫሌም የዚያ እሳት መንገድ ላይ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ይህን ሁሉ ባየ አገር ላይ ስለ መተኮስ ልምምድ መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናቶች የጥይት ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልጆቻቸውን በሚቆጥሩበት ቦታ፣ ተኩስ መዝናኛ ነው የሚል ሰው ጆሮ ሊነፈገው ይገባል። ቢሆንም የወዳጄን ነገር ሳስበው እዚያ ውስጥ እኛ ያጣነው አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ትምህርቱ ነው።

እሱ በሚሄድበት ቦታ ማንም ሰው አፈሙዙን ከኢላማው አቅጣጫ ወደ ጎን አያዞርም። አቁሙ ሲባል ሁሉም ያቆማል፤ ሽጉጡ ተከፍቶ፣ ባዶነቱ ታይቶ ይቀመጣል። ጣት ከኢላማው በፊት ቃታ ላይ አያርፍም። እነዚህን ነገሮች ሰውነቱ እስኪለምዳቸው ድረስ ደጋግሟቸዋል፤ መደጋገም የቻለውም ጥይቷ ርካሽ ስለሆነች ነው። አባቱ ለምንሽራቸው ከነበራቸው ክብር ያነሰ ክብር የለውም። እጁ ግን ከአባቱ እጅ የበለጠ ያውቃል። እኛ ዘንድ ጥይት ውድ በነበረ ጊዜ ውድነቱ ራሱ ሰውን ይገራ ነበር፣ ልምምድ ባይኖርም። አሁን መግሪያው ሄደ፣ ልምምዱም አልመጣም። አሥር ዓመት ሙሉ ክላሽ አንግቶ፣ አፈሙዙ ሁልጊዜ የሰው እግር ላይ የሚያርፍ ጎልማሳ ማየት ብርቅ አይደለም። ያልተለማመደ ባለ መሣሪያ አዘውትሮ ከሚተኩሰው ይልቅ ያስፈራኛል።

ደግሞም ትንሿ ጥይት ትንሽ ስለሆነች መጫወቻ ናት ማለት አይደለም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በ1968 እ.ኤ.አ. የተገደሉት በዚህችው በሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ነው፤ ሽጉጡም ውድ አልነበረም። ዋጋዋ ሳንቲም መሆኑ ለሚለማመድ ሰው ይጠቅማል፤ የሰው ሕይወት ላይ ስታርፍ ግን ዋጋዋ ሌላ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህንኑ ይደነግጋል። ፈቃድ ግን የሚናገረው ስለ መያዝ ነው። እኔን ወደያዘኝ ጥያቄ የሚቀርበው የወንጀል ሕጉ ነው፤ አንቀጽ 540 አስቦ ለገደለ፣ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ለገደለ። በወሎ ደም ሲፈስ ባለ ደሞችን የሚያስታርቁት አበጋሮችም ዱዓ አድርገው፣ ሁለቱን ወገኖች አስቀምጠው ሲሸመግሉ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ ይሰማሉ። አስቦ ነው ወይስ ሳያስበው? በችሎትም በሽምግልናም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የዝግታ ትርጉም ለእኔ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆንልኛል። ካዝናውን ያራገፈ ሰው «ሳላስበው ነው» ቢል ቃሉን ለመመዘን ይቸግራል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ መሣሪያው ለማሰብ ጊዜ አልሰጠውምና። መዶሻውን በአውራ ጣቱ ስቦ አቁሞ፣ ቀጭ ሲል ሰምቶ፣ ከዚያ በኋላ ቃታ የሳበ ሰው ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር አድርጓል። በሁለቱ መካከል መዶሻውን ቀስ አድርጎ መልሶ ማስተኛት ይችል ነበር። ያንን ሳያደርግ ቀርቶ ከሆነ፣ አበጋሩም ዳኛውም የሚጠይቁት ነገር አላቸው፣ እሱም የሚመልሰው።