ልብስ ጠባቂዎቹ

ወገኖቼ፣ የጅቡቲን ቀትር ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪ ይለቀቃል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰዉ ሙቀቱን ሸሽቶ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ቤቱ ይከተታል። ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት በየሰፈሩ ታድሏል፤ አባት በርጫ ላይ ነው፣ እናት ጋደም ብላለች። ልጆቹም ቬንትሌተሩ ሥር ስልካቸውን ይዘው ተኝተዋል። ቤቱ ጸጥ አለ እንላለን። ለአንዳንድ ልጅ ግን መከራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ልጅ አለ እንበል፤ ቤቱ አማርኛ፣ ሰፈሩ ሶማልኛ፣ ክፍሉ ፈረንሳይኛ ይናገራል። አንድ ቀን ፈረንሳይኛው ላይ አንዲት ቃል ታደናቅፈዋለች፤ ክፍሉ ይስቃል። በእረፍት ሰዓት ያችኑ ቃል እየደጋገሙ ሙድ ይይዙበታል፤ እናቱ ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራቷንም ያነሡበታል። እስከዚህ ያለውን እኛም በልጅነታችን አይተነዋል። ከቀትር በኋላ ግን አንዱ ከክፍል ፎቶ ላይ የልጁን ፊት ቆርጦ ስቲከር ይሠራና ዋትስአፕ ግሩፑ ላይ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ «እሺ» ለማለትም፣ «ደከመኝ» ለማለትም ሁሉም ያንኑ ፊት ይልካል። ማን እንደሠራው ይረሳል። ልጁ ግን ግሩፑን በከፈተ ቁጥር የሚያየው የራሱን ፊት ነው።

ድሮ የተሰደበ ልጅ የቤቱን ደጃፍ ካለፈ ቢያንስ እስከ ነገ ያርፍ ነበር። አሁን ስድቡ አልጋው ድረስ ይከተለዋል። «ስልክ ልጆቻችንን አበላሸብን» ማለት ግን ይቀለናል እንጂ እውነቱ እሱ አይደለም። የልጆችን መንገላታት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናው፣ ኖርዌይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዳን ኦልቬየስ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በስልክና በኮምፒዩተር ከሚንገላቱት ልጆች አብዛኞቹ ፊት ለፊትም የሚንገላቱት እነዚያው መሆናቸውን አሳይቷል። ዩኔስኮም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪ አንድ የሚሆነው ባንድ ወር ውስጥ በትምህርት ቤት እኩዮቹ ተንገላቷል ብሏል። እሳቱ የሚነደው ግቢ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ያራግበዋል።

በሐዋርያት ሥራ ላይ እንደምናነበው፣ እስጢፋኖስ በእምነቱ ምክንያት ሲወገር፣ ኋላ ጳውሎስ የተባለው ሳውል ድንጋይ እንደወረወረ አልተጻፈም። ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን እግሩ ሥር አኖሩ፣ እሱም ቆሞ ጠበቀላቸው። ከባድ ልብስ ለብሶ ድንጋይ መወርወር አይመችምና እጃቸው እንዲፈታላቸው አደረገ። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢየሩሳሌም ላይ ሲናገር ይህን አልሸሸገም፤ «እኔ እንኳ እጄ የለበትም» ሊል ይችል ነበር፣ አላለም። ልብስ መጠበቁን ራሱ በራሱ ላይ ቆጠረው።

እናንተ ወጣቶች፣ ሠላሳ ልጅ ባለበት ግሩፕ ስቲከሩን የሠራው አንድ ነው፤ አምርረው የሚሳደቡት ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። የቀራችሁትስ? የሚስቅ ኢሞጂ ያስቀመጠ፣ ለሌላ ግሩፕ ሼር ያደረገ፣ ስክሪንሾት አንሥቶ ለእህቱ ያሳየ። ከሠሪው ይልቅ ለእናንተ እፈራለሁ፤ እሱስ አንድ ቀን ይጸጸት ይሆናል፣ እናንተ ግን የምትናዘዙት ነገር ያላችሁ አይመስላችሁም። «ቀልድ ነው እኮ» ትላላችሁ። እንግዲያው የተቀለደበት ልጅ ስቆ እንደሆነ ነገ ፊቱን እዩት። ግሩፑ ላይ «ይብቃ» ብሎ መጻፍ ቢከብዳችሁ እንኳ፣ በእረፍት ሰዓት ሄዶ አጠገቡ መቀመጥ ማንንም አያቅትም።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ሲነግራችሁ ቶሎ ብላችሁ ስልኩን አትንጠቁት። የተበደለው እሱ፣ የተቀጣው እሱ ይሆንና ሁለተኛ አይነግራችሁም። «አንተም ስደበው» የሚሉም አሉ፤ ይኼማ ግሩፑን ማሟሟቅ ነው። ሕግ አለ፤ አገራችን ኢትዮጵያ በኮምፒዩተር ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል አድርጋለች። ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ከፖሊስ በፊት እናቶች ይድረሱለት። ወደ ሠሪው እናት ቤት ሂዱ፤ ሳትጮኹ ስልኩን አሳዩአት። ልጇን ትጥራውና ያንን ስቲከር በፊታችሁ ያጥፋ፣ ልጃችሁንም በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቀው። «የኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ካለቻችሁ አትጣሏት፤ ቡናዋን ጠጡና ነገም ተመልሳችሁ ሂዱ።