መድከም ኃጢአት ነውን?



አንድ ካህን ዓመት ሙሉ በምስጢረ ንስሐ አንድ ዓይነት ነገር ሲናዘዝ ኖረ። ቅዳሴውን ያለ ልብ እንደሚቀድስ፣ ጸሎተ ሰዓታቱን እንደ ዕዳ እንደሚደግም፣ ደጁ በተንኳኳ ቁጥር ቁጣ እንደሚቀድመው፣ አንዲት አረጋዊት እናት የልጃቸውን የሙት ዓመት ቅዳሴ ሊያስይዙ በመጡ ጊዜም በክፉ ቃል እንዳሰናበታቸው ይናገር ነበር። የተሰጠውን ንስሐ ይፈጽማል፤ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ያ ካህን እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሽማግሌው የንስሐ አባቴ፣ «ልጄ፣ የምትነግረኝ ከኃጢአት ይልቅ ድካም ይመስለኛል፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልግ» አሉኝ። ምክራቸው በጊዜው አስቆጣኝ። ስንቱን የማጽናና ካህን ሆኜ ሳለ ለሥነ ልቡና ባለሙያ ጓዳዬን ልከፍት?

ጥያቄው የእኔ ብቻ ስላልሆነ በዚህ ገጽ ላነሣው ወደድሁ። በእግዚአብሔር አገልግሎት የዛለ ሰው የሰውን ጥበብ ቢሻ እምነቱ ጎድሎ ነውን?

የቀደሙት አበው ነፍስን የሚያዝል ፈተና እንዳለ ያውቁ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ በቀትር ስለሚመጣው የመሰልቸት መንፈስ ጽፏል። መነኩሴው ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፤ በዓቱን ይጠላል፤ ሌላ ስፍራ ይናፍቃል። መድኃኒቱም በበዓት መጽናት ነው። ይህ ትምህርት ዛሬም እውነት ነው። ነገር ግን የደከመ ሁሉ በዚህ ፈተና ተይዟል ማለት አይደለም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ስለ ሌላ ዓይነት ድካም ጻፈ፤ ችግረኞችን በነጻ በሚያክሙ በጎ ፈቃደኞችና በራሱም ላይ ያየው፣ እንደ ሻማ ነድዶ የማለቅ ያህል የሆነ ድካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በደዌ ተራ ባያስገባውም ሦስት ምልክቶቹን ዘርዝሯል፤ እነርሱም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በልብ መራቅ ወይም ሥራን መጥላት፣ ሥራው ፍሬ እንደሌለው መሰማት ናቸው። ስንፍና ያደረበት ሰው ከሥራ ይሸሻል፤ ይህኛው ግን ማቆም ያልቻለ ነው። ለእርሱ «ጽና» የሚለው ምክር በሸክሙ ላይ ሌላ ሸክም ይሆንበታል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየው። ጸሎትህን አብዛ አላለውም፤ ሥራው ለአንተም ለሕዝቡም አድካሚ ነውና አካፍለው አለው። ዮቶር የምድያም ካህን እንጂ ከእስራኤል ወገን እንዳልነበረ ልብ በሉ። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረው ሙሴ የባዕዱን ምክር ሰማ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ እረኞች ከነገረ መለኮት ጋር የሥነ ልቡናን ዕውቀት እንዲጠቀሙበት አሳስቧል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ42 ዓመታቸው ለስድስት ወር ያህል በየሳምንቱ ወደ አንዲት አይሁዳዊት የሥነ ልቡና ባለሙያ ይመላለሱ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በታተመ ቃለ ምልልስ ሳያፍሩ ገልጸዋል።

እኔም ሄድሁ። ባለሙያው ከቤተ ክርስቲያናችን ወገን አይደለም። መጀመሪያ ስለ እምነቴ አልጠየቀኝም፤ ስለ እንቅልፌ ጠየቀኝ። ከዚያም ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱን ሰዓት በምን እንዳሳለፍሁ እንድጽፍ አደረገኝ። ዝርዝሩን አይቶ፣ «ከእነዚህ አንዱን እምቢ ቢሉ ምን ይሆናል?» አለኝ። «ቁምስናው ይፈርሳል» ብዬ መለስሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁትና አፈርሁ። ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ ናት እያልሁ ስንት ዓመት ሰብኬአለሁ! ዓመት ሙሉ ድካሜን እንደ ኃጢአት ስናዘዝ፣ ከድካሙ ሥር የተደበቀውን ትዕቢት አንድም ቀን አልተናዘዝሁትም ነበር። ባለሙያው ኃጢአትን ለመፍታት ሥልጣን የለውም፤ ይህን እንዳይ ግን ረዳኝ። የቀረውን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ተመለስሁ።

ይሁንና የእኔን ታሪክ በሌላው ላይ መጫን አልሻም። እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዞ ጸሎተ ቤት የሚደርስ፣ በሳምንቱ ደግሞ እርሻውን የሚያርስ ካተኪስት ቢዝል ስለ ታበየ አይደለም፤ የሚተካው ሰው ስለሌለው ነው። እንዲህ ያለውን ወደ ባለሙያ መላክ ብቻ አይበቃም፤ ባለሙያውም ቢሆን ከከተማ ውጭ በቀላሉ አይገኝም። ሸክሙን ማካፈል የቁምስናው ምክር ቤትና የእኛ የካህናቱ ሥራ ነው። በእኛ ቁምስና የቀብርንና የሕሙማንን ጉብኝት መርሐ ግብር ምእመናን ተረክበውታል፤ ከእኔ ይልቅ በሥርዓት ይዘውታል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከስድስት ወር በኋላ እኚያን እናት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሁለተኛውን ሲኒ እየሰጡኝ፣ «አባ፣ እንደ ደከሙ እኮ እኛ ከእርስዎ በፊት አውቀን ነበር። ግን ለካህን ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል?» አሉኝ።