በጥቂቶች ፊት ወይስ በብዙዎች ኋላ?



በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ብዙዎቻችን አንድ ጥያቄ ገጥሞናል። በአጥቢያችን አሥር ወይም አሥራ አምስት ሕፃናት ሰብስቦ የሚያስተምርና መዝሙር የሚያስጠና ሰው ይፈለጋል። በሌላ በኩል ስሙ በከተማው የታወቀ ትልቅ የመዘምራን ቡድን አለ፤ በዚያ ብንገባ ከኋላ ረድፍ ቆመን የታዘዝነውን እንዘምራለን። የትኛው ይሻላል?

ሮማዊው ቄሣር የአልፕስን ተራሮች ሲያቋርጥ አንዲት ደሳሳ መንደር አይቶ፣ በሮም ሁለተኛ ከመሆን በዚህች አንደኛ መሆንን እንደሚመርጥ ተናገረ ሲል ፕሉታርክ ጽፏል። አነጋገሩ ደፋር ነው። ይሁንና ቄሣር ያሰበው የራሱን ማዕረግ ነው፤ የመንደሪቱ ሰዎች ምን እንደጐደላቸው አልጠየቀም። እኛም ትልቁን ቡድን ለስሙ ብለን ብንከተል ከቄሣር አንሻልም፤ እርሱ በራሱ ስም ሊከበር ሲሻ እኛ በሰው ስም ልንከበር እንሻለን።

የተሻለ ምሳሌ በሰፈራችን አለን። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ተምረዋል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ትግሉን የጀመረው የኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ መሪ ነበሩ፤ ድርጅቱም ገና ጀማሪ ነበር። ሆኖም «መሪ ነኝ» ብለው አልኰሩም፤ በኢትዮጵያውያን መኰንኖች ሥር ሆነው ተኩስና የእግር ጉዞ ተለማመዱ። ትምህርቱ ለስድስት ወር ታስቦ ሳለ፣ ሳይጠናቀቅ ጓዶቻቸው ሲጠሯቸው ተመለሱ። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን ተያዙ፤ ከእስር የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ያው አንድ ሰው ለመማር ሲል ተከታይ፣ ለሚጠብቁት ሲል ደግሞ መሪ ሊሆን እንደሚችል ነው።

«ከትልቁ ቡድን ብዙ እንማራለን» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች እውነት አላቸው። ከማንም የማይማር መሪ ያንኑ የሚያውቀውን ሲደጋግም ይኖራል። ነገር ግን ከመወሰናችን በፊት «እኔ ብቀር ማን ይጐዳል?» ብለን እንጠይቅ። ከትልቁ ቡድን ብንቀር ቦታችንን ሌላ ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ከትንሹ ብንቀር ግን ሕፃናቱ መጥተው በሩ ተዘግቶ ያገኙታል።

ምናልባት በአጥቢያው ከእኛ የተሻለ አስተማሪ ይኖር ይሆናል። ያን ጊዜ ፊተኛነቱን ለእርሱ ትተን ወንበር ማመላለስና ሕፃናቱን መሰብሰብ የእኛ ድርሻ ይሁን። አበው «ሁሉ ቢሆን ቃልቻ፣ ማን ይሸከማል ስልቻ» ይላሉና። ይህን ሥራ በደስታ መሥራት ካቃተን፣ ስንመኘው የኖርነው «መሪ» መባልን እንጂ ሕፃናቱን ማገልገል አልነበረም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ! ጊዜ ያለን ቅዳሜ ከትልቁ ቡድን ኋላ ቆመን እንማር፤ እሑድ ግን የተማርነውን ይዘን በአጥቢያችን ሕፃናት መካከል እንገኝ። ሁለቱ የማይገጣጠሙ ከሆነ ሕፃናቱ ይቅደሙ።