ለንስሐ በተተወው ዕድሜ ወደ ጥበብ መመለስ

በልጅነት ወይም በወጣትነት የተጀመረ ሥዕል፣ ዜማ ወይም ጽሕፈት ለእንጀራ ሲባል ይተዋል፤ ልጆች አድገው፣ ሥራም አብቅቶ፣ እንደገና ይነሣል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። ጤና ከሰጠው ከዚያ ወዲያ ዐሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ ዓመት ይጠብቀዋል። ይህ ዕድሜ የማን ነው? የእግዚአብሔር ነው፣ ለንስሐ የተሰጠ ነው የሚል አለ። የልጅ ልጆች ነው የሚልም አለ። ሰው በመጨረሻ የራሴ ሊለው የሚገባ ጊዜ ይኸው ብቻ ነው የሚል ሦስተኛ ወገንም አይጠፋም። ወደ ጥበብ የሚመለስ ሰው ሳያስበው በእነዚህ ሦስት ባለመብቶች መካከል ይገባል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ባህል እርጅና ከድሮ ጀምሮ መልክ የተሰጠው ዕድሜ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች እናት ቆብ ይጭናሉ። ገዳም መግባት ያልቻለው በቤቱ ሆኖ ዳዊት ይደግማል፣ ኪዳን ያደርሳል፣ ከንስሐ አባቱ አይርቅም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ በ65 ዓመቱ ክራር ገዝቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ጎረቤት ያስደነግጣል፤ «ደግሞ በስተርጅና!» ይባላል። ወቀሳው እንደ ተራ ሐሜት መታለፍ የለበትም። የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ የሰው ልብም አንድ ነው፤ ለአንዱ የሰጠውን ለሌላው ሊደግመው አይችልም። ሞትን በቅርብ የሚያስብ ሰው ጣቱን በክር ላይ ማፍታታት ከጸሎት ይቅደም ወይስ ይከተል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው።

ይሁንና ወቀሳው የሚነሣው በሁሉም ጥበብ ላይ እንዳልሆነ ማየት ይገባል። ክራርና ማሲንቆ ከአዝማሪ፣ አዝማሪም ከጠጅ ቤት ጋር ሲታሰቡ ኖረዋል። በገና ግን የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ይከበራል፤ በዐቢይ ጾም ይደረደራል፤ ሽማግሌ ቢይዘው ያስመሰግነዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ዕድሜውን ሁሉ ቅኔ ሲዘርፍና ሲያስዘርፍ የኖረ የኔታ ንስሐውን አጓደለ የሚል ሰው የለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ እስከ እርጅናው የሚያዜም መሪጌታም፣ የቤተ መቅደስ ግድግዳ ሲሥል ያረጀ ሠዓሊም እንዲሁ። በወሎ መንዙማ የሚያሰሙ የሙስሊም አዛውንት በወገኖቻቸው ዘንድ ያላቸው ክብር ከዚህ የሚለይ አይደለም። ስለዚህ ባህሉ በእርጅና ጥበብን የሚቃወመው ለማን እንደሚቀርብ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ላለው ነገር ሁሉ መነሻ ነው።

ሌላ ሥርዓት የሠራ ሕዝብም አለ። በቻይና የተማረ ሰው በወጣትነቱ ለመንግሥት ፈተና ይዘጋጃል፣ ይሾማል፣ ሹመቱን ሲተው ወደ ትውልድ ቦታው ተመልሶ በብሩሽና በቀለም ይኖራል፤ ይህ ለዘመናት የተከበረ የሕይወት መንገድ ነበር። የሱዡው ወን ዠንግሚንግ (1470–1559 እ.ኤ.አ.) ፈተናውን ደጋግሞ ወድቆ፣ ከ50 ዓመቱ በኋላ በ1523 ቤጂንግ በቤተ መንግሥቱ የምሁራን ጉባኤ ተሾመ። ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በሱዡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሣለ፣ ጻፈ፣ ደቀ መዛሙርት አፈራ። እንዲህ ያለ ሰው መመለሱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር፤ ባህሉ አስቀድሞ ቦታ አዘጋጅቶለታል። ወደ ጥበብ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ጡረተኛ ግን ቦታውን በራሱ መፈለግ አለበት።

በክርስቲያኖች ዘንድ ለዚህ ጉዳይ ቶሎ የሚጠቀሰው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው የመክሊት ምሳሌ ነው። መክሊትህን አትቅበር ይባላል፤ ጥበቡን የተወ ሰውም ቀባሪ ተደርጎ ይታያል። ምሳሌውን እንዲህ ማንበብ ሁለት ነገር ያስታል። አንደኛ፣ ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ጌታውን ስለፈራ ነው። ልጆቹን ለማሳደግ ብሩሹን አስቀምጦ ቢሮ የገባ አባት፣ ወላጆቿን ለመርዳት መዝሙሯን ትታ ነርስ የሆነች ልጅ ከዚህ ሰው ጋር አይመሳሰሉም፤ የሠሩት ሥራ ራሱ ያተረፉበት ነው። ሁለተኛ፣ በምሳሌው ውስጥ መክሊቱም ትርፉም የጌታው ነው። ራሴን ላገኝ፣ ራሴን ልግለጽ ብሎ የሚመለስ ሰው ይህን ምሳሌ ምስክር ሊያደርገው አይችልም። ምሳሌው የሚጠይቀው ስለ ሒሳብ ነው፤ የተሰጠህ ለማን ዋለ ይላል።

ይኸው ወንጌል በምዕራፍ 20 በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወደ ወይን ቦታው የገቡትን ሠራተኞች ያነሣል። ዘግይተው የገቡት የሚቀጥራቸው አጥተው ነበር፤ ደመወዛቸውም ከጠዋት ጀምሮ ከደከሙት ጋር እኩል ሆነ። ዘግይቶ የሚመለስ ጥበበኛ ከዚህ የሚያገኘው መጽናናት እውነተኛ ነው። ነገር ግን በአንድ ሰዓት የሠሩት የቀኑን ሥራ ያህል ነው አልተባለም። ምሕረቱ በደመወዙ ላይ እንጂ በሥራው መጠን ላይ አልነበረም፤ የጠፋው ልምምድም በጸጋ አይተካም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት እነዚህን ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ያሳያል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በዓለማዊ ስሟ የውብዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በልጅነቷ ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር በግዞት ወደ ጣሊያን ተወሰደች። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄዳ በፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር በአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ሥር ተማረች። ለንደን ሄዳ ትምህርቷን እንድትቀጥል በር ተከፍቶላት ሳለ ፈቃድ ተከለከለች። ከዚህ ሐዘን በኋላ ሙዚቃውን ትታ በሃያዎቹ ዕድሜዋ ወሎ ግሸን ማርያም ገባች፤ መነኮሰች፤ ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ አምባ ላይ በባዶ እግሯ ኖረች። ፒያኖ በዚያ አልነበረም። የእግር ሕመም ከተራራው ካወረዳት በኋላ ነው ወደ መሣሪያው የተመለሰችው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እማሆይ ጎንደር ሳለች የያሬድን ዜማ ታጠና ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዜማ ሊማሩ ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎችን አየች፤ ቀን ቁራሽ ለምነው፣ ሌሊት በደጅ የሚተኙ ልጆች። ልትሰጣቸው የምትችለው ገንዘብ አልነበራትም፤ ያላት ሙዚቃዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላዋ ጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ በኢትዮጵያ ገዳም ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮጲክስ» በሚባለው ተከታታይ ሥራዎቿ በ21ኛው ቅጽ ሲወጡ ዓለም ሰማት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመቷ ዐረፈች። ፒያኖዋን የሚያዳምጥ ሰው የአውሮፓን ትምህርት ይሰማል፤ ከሥሩ ግን በደብር የሚሰማ የዜማ እስትንፋስ አለ። ግሸንን ያለፉ ጣቶች ከካይሮ እንደወጡት ጣቶች አይመቱም። ከሁሉም በላይ፣ ቆቧን ሳታወልቅ ተመለሰች። ምንኩስናና ሙዚቃ የተጣሉባት አልመሰላትም፤ ለማን እንደምትመታ ታውቅ ነበርና።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ በተመሳሳይ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1868 የኢየሱሳውያንን ማኅበር ሊገባ ሲል ግጥሞቹን አቃጠለ፤ ሰባት ዓመት ያህል ዝም አለ ማለት ይቻላል። በ1875 መጨረሻ ከጀርመን የተሰደዱ አምስት መነኮሳይያት በመርከብ መስጠም ሞቱ፤ አለቃው አንድ ሰው ስለዚህ ቢጽፍ አለ፤ ሆፕኪንስም ብዕሩን አነሣ። የማኅበሩ መጽሔት ግጥሙን አላተመውም። ገጣሚው በ1889 ሲሞት ሥራዎቹ የታወቁት በወዳጆቹ ዘንድ ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው በ1918 ነው። መመለሱ ትክክል ለመሆን የአንባቢ ጭብጨባ አላስፈለገውም።

በተቃራኒው የሚቆመው ፖል ጎጋን ነው። የፓሪስ የአክሲዮን ደላላ ሳለ እሑድ እሑድ ይሥል ነበር። የ1882ቱ የገበያ ውድቀት ሥራውን ሲያናጋው ሙሉ በሙሉ ወደ ሥዕል ዞረ። ዴንማርካዊት ሚስቱና አምስት ልጆቹ ኮፐንሃገን ቀሩ፤ እሱ በ1891 ወደ ታሂቲ ሄደ፣ በ1903ም በማርኬዛስ ደሴቶች ሞተ። ፈላስፋው በርናርድ ዊልያምስ በ1976 በዚህ ሰው አምሳል ከባድ ጥያቄ አቀረበ፦ ቤተሰቡን ለጥበብ የተወ ሰው ውሳኔው ትክክል መሆኑን ሊያሳይ የሚችለው ከተሳካለት ብቻ ነው፤ መሳካቱን ግን ሲወስን ሊያውቅ አይችልም። ዊልያምስ ራሱ እንደሚለው ቢሳካለት እንኳ ለተጎዱት የሚሰጠው መልስ ላያገኝ ይችላል። የጎጋን ሥዕሎች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቅለዋል፤ የልጆቹን ዕዳ ግን አልከፈሉም። ሥዕሉ ማማሩ አንድ ነገር ነው፣ አባትነቱ መጓደሉ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ስሕተት ነው። በጡረታ ዕድሜ የሚመለስ ሰው በዚህ ረገድ ከወጣቱ ይሻላል፤ ልጆቹን አሳድጓል፣ አብዛኛውን ዕዳ ከፍሏል። የቀረው ዕዳ ካለ፣ የታመመች ሚስት ወይም አሳዳጊ ያጣ የልጅ ልጅ ካለ፣ ያ ይቀድማል።

የሰውነትም ነገር አለ። ሁሉም ጥበብ ዕድሜን እኩል አይታገሥም። ቫዮሊን ለደረቀ ጣት አይራራም። ጽሕፈት ግን ያለፈውን ሥራ ሁሉ ስንቅ ያደርገዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው ቴአትር ጽፈው ነበር፤ ከዚያ ጦርነት፣ የጣሊያን እስር፣ የውጭ ጉዳይና የአምባሳደርነት ሥራ መጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። የቆሎ ተማሪውን ኑሮና የባላባቱን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ፣ አገሩንም ከሩቅ ሆኖ ያየ ሰው ነው እንዲያ ሊጽፍ የቻለው፤ በ25 ዓመት የሚጻፍ መጽሐፍ አይደለም። አሜሪካዊቷ አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ ደግሞ በልጅነቷ በሎሚና በወይን ጭማቂ ትሥል ነበር፤ ዕድሜዋን በእርሻ ሥራ አሳለፈች፤ በጥልፍ ስትጽናና ቁርጥማት መርፌውን ስለከለከላት በ70ዎቹ ዕድሜዋ ብሩሽ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1940 ኒው ዮርክ ለብቻዋ ዐውደ ርእይ ቀረበላት፤ በ1961 በ101 ዓመቷ ሞተች።

በገና ለእርጅና የተመቸ መሣሪያ ነው። ዐሥር አውታር አለው፤ ተቀምጦ ይደረደራል፤ ፍጥነት አይጠይቅም። ድምፁን የሚያንዘረዝረው በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። ጀማሪው ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው ይህችን ቁራጭ ወዲህና ወዲያ እየገፋ፣ አውታሩ ትክክለኛውን እርግብግቢት እስኪሰጥ በመጠበቅ ነው። ትዕግሥት ያለው አረጋዊ በዚህ ወጣቱን ይበልጠዋል። ዜማው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሚወጣ የደከመ ጉሮሮም ይበቃዋል፤ ቃሉም ብዙውን ጊዜ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ስለሆነ የንስሐውን ሰዓት አይሻማም።

ስለዚህ ለንስሐ የተተወው ዕድሜ ለጥበብም ሊሆን ይችላል፤ ተመላሹ ለማን እንደሚሠራ ካወቀና ዋጋውን ሌላ ሰው ካልከፈለለት። ይህን ለመመርመር የሚሻሉት ሰዎች ንስሐ አባቱና ቤተሰቡ ናቸውና በድብቅ ከመጀመር አስቀድሞ ቢነግራቸው ይሻላል። እነርሱም በበኩላቸው «በስተርጅና!» ብለው አፉን አይዝጉት። ልጆች ለአባታቸው ጋቢና ጸሎት መጽሐፍ እንደሚገዙ ሁሉ አውታርና ቀለምም ይግዙለት። የበገና መምህራንና የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ሊመዘገብ ሲመጣ ከልጆቹ ጎን ወንበር ያቅርቡለት።