ስለ ሰላምታና ስለ ዳጉ

ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ የሚናገረው ሁሉ ከልቡ ፈልቆ የመጣ ይመስለዋል እንጂ፥ ማንም ሳያስተምረው የተማረው የተሰወረ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ መኖሩም የሚታወቀው ሲፈርስ ነው። «እንደምን አደርክ?» ለሚለው «ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ሲያመኝ አደረ፤ ዱቄቱም አልቋል» ብሎ የሚመልስ ሰው ቢገኝ፥ ጠያቂው ይደነግጣል። ጥያቄው ጥያቄ አልነበረምና።

ይህ ውሸት ነው የሚሉ ተማሪዎች ነበሩኝ። እኔ ግን ውሸት አልለውም። ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው ሊቅ በ1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፥ ሰው በሰው ፊት ሲቆም መድረክ ላይ እንደ ወጣ ተዋናይ መሆኑን ጽፏል፤ ሰላምታም ለዚያ መድረክ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ሌላ ነው። ቤቱ ረኀብ የገባበት ሰው በሳምንት ሃያ ጊዜ ተጠይቆ፥ ሃያ ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይገባል። እውነቱን የሚናገርበትን ጊዜ ሥርዓታችን አላዘጋጀለትም።

አፋሮች አዘጋጅተዋል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ባለችው በአዳይቱና በዙሪያዋ፥ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ዳጉ ይጀመራል። ዳጉ ወሬ ማለት ነው፤ ነገር ግን እኛ «ወሬኛ» ብለን እንደምንንቀው አይደለም። ቸኩሎ ማለፍ ነውር ነው። ዝናብ የት እንደ ጣለ፥ ሣር የት እንደ በቀለ፥ የማን ግመል እንደ ጠፋች፥ ማን እንደ ሞተ፥ በመንገዱ እንግዳ ሰው አልፎ እንደ ሆነ፥ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው እየጠየቀ ያዳምጣል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይጨምራል። አጣሞ የተናገረ በመድዓ፥ ማለት በልማዳቸው ሕግ፥ ይጠየቃል።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። ውኃ በራቀበት በረሓ፥ በሐሰት ወሬ መንጋውን የነዳ ሰው መንጋውን ያጣል። አፋርና ኢሳ ለብዙ ዘመን ደም በተቃቡበት በዚህ አገር ደግሞ አንዲት ያልተጣራች ቃል ብዙ ጠመንጃ ታስነሣለች።

እናንተ ወጣቶች ዛሬ ወሬ በስልክ ይደርሳችኋል፤ ያየ ማን ነው፥ የሰማ ማን ነው፥ አይታወቅም። በአዳይቱ መንገድ ዳር ሻይ በምጠጣበት ቤት አንድ የአፋር ልጅ፥ በእገሌ መንደር ተኩስ ተነሣ የሚል መልእክት ከስልኩ ለአንድ ሽማግሌ አነበበላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አስነበቡትና፥ «የላከው ሰው ያን ቀን የት ነበር?» አሉት። ልጁ አላወቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ መንገደኛ መጥቶ ከአጠገባቸው ተቀመጠ፤ ዳጉም ጀመሩ። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ ተናገሩ፥ ስለ ታመመች ግመላቸው ተናገሩ፤ ስለ ተኩሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።