ብርቱ ካርታ የያዘ ሰው

ናዝሬት፣ ዛሬ በጥንት ስሟ አዳማ የምንላት ከተማ፣ የጅቡቲ ባቡር የሚያልፍባት፣ የጭነት መኪና የሚያድርባት፣ ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ስንዴ የሚራገፍባት የመንገድ ከተማ በመሆኗ፣ ሌሊቷም እንደ ቀኗ የራሱ ገበያ ነበረው። በ1956 ዓ.ም.፣ ዳዊት ደግሜ ከአባቴ ደብር በወጣሁ በዓመቱ፣ የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ አንድ ሆቴል ሻይ ሳመላልስና የእንግዳ መዝገብ ስጽፍ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በሰጠን የኤሌክትሪክ መብራት ሥር፣ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ ያልወጣ አንድ ነገር አየሁ፤ ስለዚያም ሌሊት ከራሴ ጋር ስከራከር እነሆ አረጀሁ።

ጨዋታው ፖከር ነበር። ከ52ቱ ካርታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ይታደለዋል፤ ሁሉም የየራሱን ብቻ እያየ አንድ ዙር ያስይዛል፤ ቀጥሎም የማይፈልጋቸውን ጥሎ በምትካቸው ሌሎች ይቀበላል፤ ከዚያ ዳግመኛ ያስይዛል፤ መከተል የፈራ ካርታውን ደፍቶ ይወጣል፣ እስከ መጨረሻው የቆዩት ይገልጣሉ። ወሰን የለሽ በሚባለው ዓይነት ደግሞ ማንም ተራው በደረሰ ጊዜ ፊቱ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ባንድ ጊዜ መግፋት ይችላል፤ ጨዋታውን የሚያስፈራ ያደረገውም ይህ ፈቃድ ነው።

በዚያ ሌሊት ሌሎቹ አንድ በአንድ ተበልተው ሲነሡ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሁለተኛው ከአርሲ ስንዴ አስጭኖ የወረደ ጎልማሳ ነጋዴ። ሻይ ላኖርለት ከሹፌሩ ጀርባ እንደ ቆምሁ፣ እርሱ ካርታዎቹን በአውራ ጣቱ ጥቂት ጥቂት እየገፋ ሲያያቸው እኔም አብሬ አየሁ፤ አራት ንጉሥና አንዲት ተራ አምስት ቁጥር ነበሩ። አራት እኩያ ካርታ በመጀመሪያው እደላ የሚገኘው ከ4,165 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ኋላ በትምህርት አወቅሁ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ያስደነቀኝ የሰውየው ትንፋሽ ከቀድሞው ቅንጣት ታህል አለመለወጡ ነው። ካርታዎቹን ደፍቶ ሻዩን ቀስ ብሎ አማሰለ። የመለወጫው ተራ ሲደርስ፣ ምንም መለወጥ የማያስፈልገው እርሱ፣ አንዲት ካርታ የሚለውጥ ሰው የጎደለው ነገር አለ ተብሎ እንደሚገመት ያውቃልና፣ አምስት ቁጥሯን ጥሎ ሌላ ተቀበለ፤ የተቀበላትንም ረጅም ጊዜ ተመልክቶ ግንባሩን ትንሽ ቋጠረ።

ነጋዴው በበኩሉ ሦስት አስ ይዞ ሁለት ለወጠ፣ ሁለት ሰባት ገቡለት። ይህም፣ ሰው በሌሊቱ አንድ ጊዜ ቢያገኘው እግዚአብሔር ይመስገን የሚልበት ካርታ ነው፤ መከራውም ከዚሁ መጣ፤ በዚህ ጨዋታ ባዶ ካርታ የያዘ ድሀ በጊዜ ጥሎ ስለሚወጣ ብዙ አይከስርም፣ ቤቱ የሚፈርሰው ከብርቱው በጥቂት ያነሰው ብርቱ ነው። ሹፌሩ 10 ብር አስያዘ፤ ነጋዴው 30 አደረገው፤ ሹፌሩ አመነታ፣ ጢሙን ዳሰሰ፣ እንደ መጸጸት ብሎ 80 አለ። እንዲህ እየተባባሉ የነጋዴው ገንዘብ አለቀ። በዚህ ጊዜ ነጋዴው፣ ፊቱ እንደ ሠርገኛ ፊት በርቶ፣ በዕቃ ቤት 40 ኩንታል ስንዴ አለኝ፣ እርሱን ልጨምር አለ። ሹፌሩ ዐይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እሺ እንደ ማለት አንገቱን ደፋ፣ በኪሱ የነበረውንም ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ገፋ። ወረቀት ተጻፈ፣ ነጋዴው አሻራውን አደረገበት፣ ካርታው ተገለጠ፤ አራቱ ንጉሥ ስለሚበልጥ ነጋዴው ተበላ።

በማግስቱ ማለዳ ሹፌሩ የመኪናውን ጎማ በብረት ሲመታ ውሃ ወስጄለት፣ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ፊትዎ አልተለወጠም ብዬ ጠየቅሁት። ልጄ፣ አለኝ፣ እኔ የራሴን ካርታ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያየሁት የሰውየውን ፊት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከሞላ ጎደል ማንም የማያሸንፈውን ኃይል በእጁ የያዘ ሰው፣ ኃይሉን ሰውሮ ባልንጀራውን ወደ ጥልቁ ቢስበው፣ ይህ ጥበብ ነውን ወይስ ተንኰል? የጨዋታው አዋቂዎች ለመልሱ የሚጠቅም ነገር ስላላቸው አስቀድሜ እነርሱን ልስማ። ብርቱ ካርታ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ደካማ መምሰል አለበት የሚለው የጀማሪ አስተያየት ነው ይላሉ። ዛሬ በዓለም በተስፋፋውና ካርታዎች በመካከል እየተገለጡ በየዙሩ በሚያስይዙበት ዓይነት፣ መሐል ላይ 100 ብር አለ እንበል፤ ሰውየው በሦስት ዙር በየጊዜው መሐል ያለውን ያህል ቢያስይዝና ባለጋራው ቢከተለው፣ 100 የነበረው 300፣ ከዚያ 900፣ ከዚያ 2,700 ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዙር ዝም ካለ ግን በ900 ይቀራል፣ በዚያም ላይ ባለጋራው አንዲት ካርታ በነፃ አይቶ እንዲያመልጠው ወይም እንዲያሸንፈው በር ከፍቶለታል። ስለዚህ ዝምታ የሚረባው ካርታው በምንም የማይሸነፍ ሲሆን፣ ወይም ባለጋራው ራሱ የሚገፋ ችኩል ሰው ሲሆን ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ በግልጥና በብዛት ማስያዝ ይበልጣል።

ይህን ያነበብሁ ዕለት፣ ቁማር እንኳ እውነት ለተናገረ አብልጦ ይከፍላል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግን አልቆየም። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ጨዋታ በጻፈው ጽሑፍ ጀምሮ፣ በ1944 ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ፖከርን መርምሮ፣ በባዶ ካርታ ማስፈራራት ለጨዋታው ግድ መሆኑን አሳይቷል፤ በመጨረሻው ዙር መሐል ያለውን ያህል የሚያስይዝ ሰው ከሦስት ጊዜ አንዱን በባዶ ካላደረገው፣ አስተዋይ ባለጋራ ሁለቱን እውነተኞች አይከፍለውም። እውነት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ የምታገኘው ሐሰት አብራት ስለተቀመጠች ብቻ ነው ማለት ነው። በገበያ፣ በጋብቻ፣ በመሐላ እውነት የምትከበረው ሐሰት ስትርቃት ነው፤ በዚህ ጨዋታ ግን ሐሰት ብትጠፋ እውነት በረሃብ ትሞታለች። ሕይወቱን በዚህ ሥርዓት ላይ የሚያቆም ሰው ምን ዓይነት ነፍስ እንደሚያበቅል ሳስብ እፈራለሁ።

ከዚህም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የሹፌሩ መልስ ነው። ስንት ላስይዝ ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች በእውነቱ የሚጠይቀው፣ ይህ ሰው ስንት ድረስ ይታገሣል፣ ምን ተስፋ ያደርጋል፣ ምን ያሳፍረዋል፣ ከየት በኋላ ይሸሻል የሚለውን ነው። ይህ ባልንጀራን እስከ ውስጡ ማወቅ ነው። ወንጌል ባልንጀራውን እንደ ራሱ እንዲወድ ያዘዘው ሰውም ከዚህ ዕውቀት መጀመሩ አይቀርም፤ የማያውቁትን ሰው ሕማም ማስታመም፣ የማያውቁትን ኀዘን ማጽናናት አይቻልምና። ያ ሹፌር ነጋዴውን በአንድ ሌሊት ወንድሙ ከሚያውቀው አብልጦ አወቀው፣ ባወቀውም መጠን በላው። ቋንቋችን ይህን ሳይሸሽግ ይናገራል፤ በቁማር ያሸነፈ በላ፣ የተሸነፈ ተበላ ይባላል፣ ሌላም ቃል አልፈለግንለትም።

እዚህ ላይ ቅን ሰው ሊከራከረኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ሁለቱም ወደው ተቀመጡ፣ መሰወር የጨዋታው ቃል ኪዳን ነው፣ ታጋይ በግራ አሳይቶ በቀኝ ቢጥል ዋሸ አይባልም ይለኛል። ይህ ክርክር ጽኑ ነው፤ አንዲት ካርታ ለውጦ ግንባሩን ስለ ቋጠረ ብቻ ሹፌሩን ሐሰተኛ ማለት አይቻለኝም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያናችን በሲኖዶስ መጽሐፏ የምትጠብቃቸው የሐዋርያት ቀኖናት ቁማር የሚጫወት ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ እንዲሻር ያዝዛሉ፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ስንመረምርም ይህን ዓይነቱን ውርርድ መልካም ፍጻሜ ሲያገኝ አናየውም። ሶምሶን በሠርጉ ከሠላሳ ፍልስጥኤማውያን ጋር በሠላሳ የበፍታ ቀሚስና በሠላሳ ክት ልብስ የተወራረደበት እንቆቅልሽ፣ ፍችው ከእርሱ በቀር በማንም ዘንድ ያልነበረ፣ ከአራት ንጉሥም የሚበልጥ ብርቱ ካርታ ነበር፤ ካርታው በሚስቱ እንባ ተገለጠ፣ ዕዳውም በአስቀሎና በሠላሳ ሰው ደም ተከፈለ።

መሰወር በራሱ ግን ኃጢአት እንዳልሆነ ከናዝሬት በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሄደ ሰው ያውቃል። በሐይቁ ውስጥ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ በሆነችው በቱሉ ጉዶ፣ ደብረ ጽዮን በምትባለው ገዳም፣ ዮዲት አገር ባጠፋች ዘመን ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ያሸሹ ካህናት ሰውረው ጠብቀዋታል ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ይነገራል። እነዚያ አባቶች ከሁሉ የከበረውን ነገር ይዘው እንደ ድሀ ስደተኛ ታይተዋል፤ ያልያዙ መስለዋል፤ መንገደኛውንም አታልለዋል። ነገር ግን የሰወሩት እንዳይነጠቅ ነው፣ በእነርሱ መሰወር ያጣ ማንም የለም። ባለ ቅኔውም ወርቁን በሰም የሚሰውረው የሚያገኘው ሰው ደስታ እንዲበዛ ነው። ስለዚህ ስለ ተሰወረ ነገር ስንፈርድ፣ የተሰወረው ሲገለጥ የሚገኘው ደስታ የማን ነው፣ ኀዘኑስ የማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ረሃብ ወዳለባት ወደ ሮዶስ ደሴት እህል ጭኖ ስለ ደረሰ ነጋዴ ያነሣል፤ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን እርሱ ብቻ ያውቃል፤ ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ እስካላስገደደው ድረስ ዝም ቢል አልበደለም አለ፤ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው የተፈጠረ ነውና ሊናገር ይገባዋል ብሎ ተቃወመው፤ ሲሴሮም ከአንቲጳጥሮስ ጋር ቆመ። በገበያው እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። የአዲስ አበባን ዋጋ እያወቀ ከማያውቀው ገበሬ በመቂ ሜዳ ላይ ሽንኩርት የሚገዛ ደላላ፣ ገበሬው ለቁማር እንደ ተቀመጠ ስላላወቀ፣ በቃል ኪዳን ሊያመካኝ አይችልም። በካርታው ጠረጴዛ ላይ ግን ለዲዮጋን ጥቂት ስፍራ እተውለታለሁ።

ስፍራውም ወሰን አለው፣ ወሰኑንም ያኖረው ጨዋታው ራሱ ነው። ወሰን የለሽ የተባለው ፖከር በደንብ በሚጫወቱት ዘንድ አንድ የጸና ሕግ አለው፤ ሰው ካርታው ከመታደሉ በፊት ፊቱ ካኖረው ገንዘብ በላይ ሊያስይዝም ሊበላም አይችልም፤ ገንዘቡ ካለቀበት ባለው ልክ ብቻ ይወዳደራል፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ የነገ እንጀራውን መሐል ጠርቶ ሊያኖር አይፈቀድለትም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች መናንያን አልነበሩም፤ ሆኖም ብርቱ ካርታ የያዘ ሰው ዐይን በሚቀላበት፣ ሁለተኛው ብርቱም ልቡ በሚሰወርበት በዚያች ሰዓት፣ ለሁለቱም ምሕረት የምታደርግ ሦስተኛ እጅ እንደምታስፈልግ አውቀዋል።

ስለዚህ በሹፌሩ ላይ የምፈርደው ስለ አራቱ ንጉሥ፣ ስለ ለወጣት ካርታ፣ ስለ ቋጠረው ግንባር አይደለም፤ ነጋዴው ስንዴውን በጠራ ጊዜ፣ የሚሆነውን ከሁሉ በፊት የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሳለ፣ አይሆንም፣ የቀረበው ይበቃል ማለት ሲችል አንገቱን ስለ ደፋበት ቅጽበት ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ በካርታም ባይሆን በመሬት፣ በብድር፣ በውል እንዲህ ያለ ካርታ በእጅህ በገባ ጊዜ፣ ያ ሰው መሐል የሚያኖረው ፊቱ የነበረውን ነው ወይስ የልጆቹን ራት ነው ብለህ ቆም በል።

ነጋዴው በማግስቱ በሰው መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ አሰላ ወጣ። ፊደል አያውቅም ነበር፤ የ40ውን ኩንታል ወረቀት በጥሩ የደብር ጽሕፈት የጻፍሁለት እኔ ነኝ፣ ስጽፍም አራቱን ንጉሥ አይቼ ነበር።